ወንድሜ ለእጩ መኮንንነት ሥልጠና ሊሄድ ነው፤ ምን ይጠብቀዋል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ አምና በሲቪል ምሕንድስና ተመርቋል። ሥራ ሲፈልግ ከረመና በገዛ ፈቃዱ ለእጩ መኮንንነት ተመዘገበ፤ ፈተናውንም የጤና ምርመራውንም አለፈ። ወደ ሆለታው የጦር ትምህርት ቤት ሊሄድ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባታችን ካረፉ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልከልክለው ብል እሺ ይለኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የ24 ዓመት ሰው ነው፣ መርጧል። እኔ የምፈራው መሄዱን ሳይሆን ሳያውቅ መሄዱን ነው። ያለፋችሁበት ወይም ልጃችሁን የላካችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ይመስላሉ? በቀሩት ሦስት ሳምንታት ምን ቢለማመድ ይጠቅመዋል? ፖለቲካውን እባካችሁ ለሌላ ቦታ አቆዩት። እኔ የምጠይቀው ስለ አንድ ልጅ እግር፣ እንቅልፍና ልብ ነው።

እስካሁን የመጡት መልሶች

ይህን ከጻፍሁ አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። 27 መልሶች መጥተዋል። እንደኔው እህትና ወንድም የሚልኩ ሦስት ሰዎች በግል ስለጠየቁኝ የተባለውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጣለሁ። የመሰለኝንም እጨምርበታለሁ።

መልስ 1 ምርቃት ብቻ ነበር፤ አሜን ብያለሁ። ትምህርቱ የጀመረው በመልስ 2 ነው። ጸሐፊው ሆለታ ሠልጥነው ብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። ከሲቪል ሕይወት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ወታደር ይደረጋል፣ መኮንንነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል አሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ዲግሪው የሚጠይቀው የለም። ጎህ ሳይቀድ ፊሽካ ይነፋል፤ ሩጫ፣ ቁርስ፣ የሰልፍ ትምህርት፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ ክፍል ገብቶ ካርታ ንባብና ታክቲክ፣ ማታ ደግሞ የጥበቃ ተራ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው መደራረቡ ነው። ሌሊቱን ለሁለት የሚሰነጥቀው ጥበቃ ከሩጫው ይልቅ ሰው ይጥላል። ያም ቢሆን ሰውነት በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል። ቶሎ የማይለመደው ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ ሃምሳ አለቃ፣ ምሕንድስና የተማረውን ልጅ ስለ ጫማው ክር አፍንጫው ሥር ቆሞ ሲቆጣው ዝም ብሎ መስማት ነው። ያ ሃምሳ አለቃ ግን ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው። ልጁ ነገ ምክትል መቶ አለቃ ሆኖ ጦር ሲረከብ፣ ከጎኑ ቆሞ ከስህተት የሚያድነው እሱን የመሰለ ሰው ይሆናል። ወንድሜ ይህን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። በዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት የተመሰገነ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ነግሮት አያውቅም።

መልስ 3 የሩጫ አሰልጣኝ ነኝ ካለ ወንድም የመጣ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሆለታ ወደ 2,400 ይጠጋል። የጣና ዳር ሜዳ ላይ ብቻ የሮጠ ልጅ እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊቱም ይበርደዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ወደ ቤዛዊት ዳገቱን እየወጣ ይለማመድ አለ። መልስ 4 በትሕትና ተቃወመው። ለሩጫው ጊዜ አለው፤ ሰው የሚቀረው በሩጫ ሳይሆን ሸክም ተሸክሞ በመራመድ ነው። ስለዚህ ከስክስ ጫማ አሁኑኑ ገዝቶ፣ ጀርባው ላይ አሥር ኪሎ አሸዋ አድርጎ ይራመድ፤ በከስክስ ግን ፈጽሞ አይሩጥ፣ ጉልበቱን ይጎዳዋል። እግሩ ውኃ ከቋጠረ ደግሞ በመርፌ ክር አሳልፎ ክሩን እዚያው ይተወው አለ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

በመልስ 5 የታንኳ ሰው የሆነ ወንድም ገባና፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጥ ሰው ጉማሬ እንዳይገጥመው አስጠነቀቀ። ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነውና በእሱና በውኃው መካከል መቆም አደገኛ ነው። ከዚያ በኋላ 6 እና 7 ስለ ጉማሬ ብቻ ሆኑ። ምክሩን ግን ወስደናል፤ ወንድሜ አሁን የሚወጣው ከነጋ ነው።

መልስ 8ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም በሐረር ጦር አካዳሚ የሠለጠኑ አባት ናቸው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነበር። ስለ ቅጣቱም ስለ ብርዱም ብዙ አልጻፉም። የጻፉት ስለ አንዲት ሌሊት ነው። ካርታና ኮምፓስ ይዘው ጓዶቻቸውን እንዲመሩ ተራው የእሳቸው ነበር። መንገድ መሳታቸውን ገና በመጀመሪያው ሸለቆ አውቀውት ነበር፤ ነገር ግን ከኋላ የሚከተሏቸው እንዳያዩባቸው ብለው ቀጠሉ። ሲነጋ የተገኙት ከታሰበው ቦታ እጅግ ርቀው ነው። አሠልጣኙ አልተቆጡም። የእሳቸውን መሣሪያ፣ ኮዳና የጀርባ ሸክም አስወርደው እየተፈራረቁ እንዲሸከሙት ለተሳሳቱባቸው ጓዶቻቸው አከፋፈሉትና፣ እሳቸውን ባዶ እጃቸውን ከፊት አስቀድመው ወደ ሰፈር መለሷቸው። ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈው፤ ያን ቀን እጃቸውን የት ማድረግ እንደነበረባቸው እስካሁን ይጨንቃቸዋል። መጨረሻ ላይ ለወንድሜ አንድ ነገር ብቻ መከሩት፦ ስቻለሁ ማለትን ከአሁኑ ይልመድ።

ከዚያ ወዲያ አየሩ ተለወጠ። በመልስ 9 አሜሪካ የሚኖር ወንድም የዚያን አገር ልምድ አቀረበ። የምድር ጦሩ የእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ጆርጂያ ግዛት ውስጥ በፎርት ቤኒንግ 12 ሳምንት እንደሚፈጅ፣ የማሪን ኮር ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ በኳንቲኮ 10 ሳምንት እንደሆነ፣ የእንግሊዙ ሳንድኸርስት 44 ሳምንት እንደሚወስድ ጻፈ። እጩዎቹ በተራ በተራ አለቃ ይደረጋሉ፤ የሚመዘኑትም በአሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን አብረዋቸው በሚሠለጥኑት ጓደኞቻቸው ጭምር ነው። ለእኔ ጠቃሚ ነበር። መልስ 10 ግን ተቆጣ። እኛ ስለ ሆለታ እያወራን ጆርጂያን ምን አመጣው፤ ደግሞስ የእኛው የመኮንን ትምህርት ቤት የትናንት ስለሆነ ከነሱ ጋር አይወዳደርም ብሎ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ቁጣ ተናገረ።

የታሪክ መምህር የሆኑ ሰው በመልስ 11 አረሙት፤ ስለታም ቢሆንም ተገቢ ነበር። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ያስተማሩት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። እጩዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጣሊያን መጣ። ከእነዚያ ልጆች መካከል በ1928 ዓ.ም. ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ከመሠረቱት ውስጥ የነበሩ አሉ። ሐረር ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕንድ መኮንኖች እርዳታ የቆመ ነው። እንግዲህ የመኮንን ትምህርት ከውጭ አሠልጣኝ መማርም ሆነ ከሌላው ማወዳደር ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ትናንት የተጀመረም አይደለም ብለው ዘጉት። መልስ 10 አልተመለሰም።

መልስ 12 አጭር ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ እጃችን ላይ የቀረው ግን እሱ ነው። በካርታ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው የጻፈው። ሌሊት ርቀትን የሚነግርህ እግርህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 100 ሜትር ለካና ግራ እግርህ መሬት በረገጠ ቁጥር እየቆጠርህ ስንት እንደሚሆን እወቅ። በየመቶ ሜትሩ ከቀኝ ኪስህ አንድ ጠጠር ወደ ግራ ኪስህ አዛውር። ዳገት ላይ፣ ጨለማ ላይ፣ ሸክም ሲኖር ቁጥሩ ይጨምራልና እሱንም ለየብቻው ያዘው።

ወንድሜ ከጓደኛው የሜትር ገመድ ተዋሰ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ 100 ሜትር ለክተን በኖራ ምልክት አደረግን። የእሱ 66 ሆነ፤ የእኔ 74። ከዚያ ከነጠጠራችን ጎን ለጎን ያለ ወሬ መራመድ ጀመርን፤ እሱ አሸዋውን ተሸክሟል፣ እኔ ባዶዬን ነኝ። ፀሐይ ጠልቃ ውኃው ላይ ቀዩ ብርሃን ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ባጃጅ መብራቱን ፊት ለፊታችን አብርቶ መጣና ሹፌሩ በስሙ ጠርቶት አለፈ። ወንድሜ እጁን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ስንቆም 11 ጠጠር አወጣ። እኔ 13 ነበረኝ። የአንቺ ስህተት ነው አለኝ፤ ሲናገር አንዳች ጥርጣሬ አልነበረበትም፣ መሐንዲስ ነዋ። ቤት ገብተን መልስ 8ን ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ምንም አላለም። በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ስቀዳለት፣ ባጃጁ ጋ ሲደርስ ቆጠራው እንደጠፋበትና ከዚያ በኋላ ያለውን በግምት እንደሞላው ነገረኝ። ከቤዛዊት ዳገት ሁሉ ይህችን አበልጣለሁ።

13 እና 14 ምስጋና ናቸው። መልስ 15ን የጻፈችው እጩ መኮንን ሆና ሠልጥና ዛሬ ሻምበል የደረሰች እህት ናት። ሴቶች ጥቂት ነበሩ፤ የእነሱ ስህተት የአንድ ሰው ስህተት መሆኑ ቀርቶ የሴት ሁሉ ስህተት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በጣም የከበዳት የግዳጅ ትዕዛዝ መስጠት ነው። መሬት ላይ በአፈር፣ በጠጠርና በቅጠል ኮረብታውንና ወንዙን ሠርተሽ፣ በጓዶችሽ ፊት ቆመሽ፣ ጠላት የት ነው፣ የእኛ ግዳጅ ምንድን ነው፣ ማን በየት ይሄዳል፣ ቁስለኛ ወዴት ይወሰዳል፣ እኔ ብወድቅ ማን ይተካኛል የሚለውን ሳትንተባተቢ መናገር አለብሽ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረች ዕለት ድምፅዋ ተቆረጠ። ወንድሜ ዕቅዱን ጮክ ብሎ ማስረዳት ይልመድ፣ ለእናንተም ቢሆን ነገ ገበያ እንዴት እንደምትሄዱ በቅደም ተከተል ይንገራችሁ አለች። በየማታው እራት ላይ እያደረግነው ነው።

መልስ 16 ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አንድ ወጣት፣ አትላኪው ብሎ ጀመረ። ሥልጠናውን ጀምሮ ያቋረጠ ነው። በሐሩር ቀን ረጅም ጉዞ ላይ አብሮት የነበረ ልጅ መንገዳገድና መቀባዠር ሲጀምር አታስመስል ተባለ፤ ተነሣ ተብሎ ጥቂት እንደተራመደ ወደቀ። ሕይወቱ ተርፏል፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። ስለ አንድ ሰው ጥፋት ሁሉም ሲቀጣ ጓድነት ይጠነክራል ይባላል፤ እሱ ያየው ግን ሁሉም ደካማውን ልጅ መጥላት ሲጀምር ነው። ቦታውን አልጠቀሰም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

መልስ 17 ፈሪ ብሎ ሰደበው። ዳቦ የለመደ ልጅ ጦር ቤት አይግባ፣ አገር በእንባ አትጠበቅም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጓዱ ሲወድቅ አይቶ ይህን የሚጽፍ ሰው ፈሪ አይደለም። ደስ ያለኝ፣ የመልስ 2ቱ መኮንን በመልስ 18 ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ለተሳዳቢው በጠንካራ ቃል፣ ሠልጣኙ መውደቁን ያላየ አሠልጣኝ ጦር ሜዳም ወታደሩ መውደቁን አያይም አሉት። ለወጣቱ ግን በእርጋታ ጻፉለት፤ እሳቸውም በሥልጠና ዘመናቸው ፍትሕ የጎደለው ቅጣት አይተዋል፣ አይደብቁም። እጩ መኮንን ሁለቱን የመለየት ግዴታ አለበት፤ የሚያጠነክረውን ቁጣና ሰውን የሚያጠፋውን። ነገ እሱም አዛዥ ነውና የትኛውን ይዞ እንደሚወጣ በራሱ ይወሰናል።

መልስ 19 ጤና ባለሙያ ናት። በሐሩር የሚቀባዥር፣ መንገድ የሚስት፣ ቆዳው እንደ እሳት የሚያቃጥል ሰው አስመሳይ ሳይሆን በሞት አፋፍ ያለ ሕሙም ነው። ጥላ ውስጥ አስገብቶ፣ ልብሱን አውልቆ፣ በውኃ እያራሱና እያራገቡ ቶሎ ማብረድ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና። ይህን ወንድምሽ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ አልጋ ለሚተኛው ጓዱም ብሎ ይወቀው አለች። ከዚያ ወደ እግር መጣች። የመልስ 4ን የክር ምክር አትቀበሉ፤ ክሩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ የሚስብ ፈትል ነው። ትንሿን ውኃ የቋጠረች ቦታ መተው፤ ትልቅና የምታም ከሆነች በንጹሕ መርፌ ከዳር ወግቶ ውኃውን ማፍሰስ፣ ቆዳውን ግን አለመላጥ፣ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን። ካልሲ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ጥፍር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ። የወባ ምድር ከተመደበም አጎበሩን ለመዘርጋት ትኩሳት እስኪይዘው እንዳይጠብቅ። መጨረሻ ላይ ከስክሱ ስንት ቁጥር እንደሆነና ተረከዙ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ያን ሳልመልስላት ቆየሁ።

20፣ 21 እና 22 ጥሩ ከስክስ ከየትኛው የገበያ ረድፍ እንደሚገኝና ዋጋው እንዴት እንደናረ የሚከራከሩ ናቸው። አልፋቸዋለሁ።

መልስ 23ን ያስጻፉት አንዲት እናት ናቸው፤ የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የላኩት ሁለተኛ ልጃቸውን ነበር። ስልክ ይሰበሰባል፣ ለሳምንታት ድምፅ የለም። ለእሳቸው ሥልጠናው ያ ነበር፤ ዝምታው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቶሎ አይወጡም ነበር፤ ቤት ሲገቡ ስልኩ ዝም እንዳለ እንዳያገኙት። በስተመጨረሻ ሲደወል ልጁ ያልደወለው የሰው ስልክ አጥቶ ሳይሆን ቁጥራቸውን በቃሉ ባለማወቁ መሆኑን ሰሙ። ቁጥሩ ስልኩ ውስጥ ነበር፤ ስልኩ ደግሞ ሣጥን ውስጥ። ስለዚህ ልጅሽን ቁጥር አስጠኚው አሉኝ። የመልስ 8ቱ አባት በመልስ 24 ተነሥተው ለእኚህ እናት ብቻ ጻፉ፤ በእሳቸው ዘመን ደብዳቤ ነበር፣ የእናታቸው መልስ ሲመጣ ያነበቡት ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፣ በጓዶቻቸው ፊት ላለማልቀስ ብለው።

መልስ 25 ልጁ ቢያቅተው ወይም ቢቀር ምን ይሆናል ሲል ጠየቀ። በመልስ 26 ያው የመልስ 2ቱ መኮንን መለሱ። ትምህርቱ ወይም አካሉ ያልቻለ ይመለሳል፤ ማፈሪያ አይደለም። ከመፈረሙ በፊት ግን የሚፈርመውን የግዴታ ወረቀት ቃል በቃል ያንብብ። ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለበት፣ ቢያቋርጥ ምን እንደሚጠየቅ እዚያ ላይ አለ፤ ቅጂው ቤት ይቀመጥ። ይህን አስቀድሜ ባለማሰቤ አዝኛለሁ፤ እናንተ ግን ከዚህ ጀምሩ።

የመጨረሻው፣ መልስ 27፣ በዚያው ጥሪ የሚሄድ የመርዓዊ ከተማ ልጅ ነው። ብቻዬን ነኝ፣ ወንድምሽ ከፈቀደ አብረን እንሂድ አለ።

ለ27፦ ፈቅዷል፤ ቁጥሩን በግል ልኬልሃለሁ፣ በቃልህ አጥናው። ለ19፦ ከስክሱ 42 ነው። የግራ ተረከዙ ማክሰኞ ዕለት ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ እንዳልሽው ሳንልጠው ሸፈንነው፣ ዛሬ ደርቋል። የእናታችንን ቁጥር ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ አስደገምሁት። ሁለተኛው ላይ መጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች አቀያየራቸውና ሳልነግረው፣ ስቻለሁ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረ።